የእነሱ ጠበቃ የእናንተ ጠበቃ አይደለም

ከውጭ ባለሀብት ጋር ሽርክና ወይም የአክሲዮን ሽያጭ የሚደራደሩ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ዓለም አቀፍ የሕግ ድርጅት ይዘው መጥተዋል፤ ሁሉንም የሚጨርሰው እሱ ከሆነ እኔ ለምን ለሌላ ጠበቃ እከፍላለሁ?» መክፈል አለባችሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ ለንደን ወይም ዱባይ ያለው ድርጅት ራሱ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ አይከራከርም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም የአገራችን የጥብቅና ፈቃድ ግድ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በኢትዮጵያውያን ጠበቆች ከተቋቋመ ድርጅት ጋር በትብብር ይሠራል። ስለ ኢትዮጵያ ሕግ የሚሰጠውን አስተያየት ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስደው እዚሁ ያለው ጠበቃ ነው። ይህ አደረጃጀት ራሱ ለእኛ ገና አዲስ ነው። እስከ 2013 ድረስ ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣው በግሉ ብቻ ነበር። ጠበቆች ተሰባስበው ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ለሙያው ትልቅ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግብር የሚያውቀውና መሬት የሚያውቀው አንድ ቢሮ ውስጥ ሆነው አንድ ፋይል ሲያዩ ሥራው ይለያል።

አሁን ፋብሪካችሁን ልትሸጡ ነው እንበል። ከገዢው ጠበቆች ረጅም የሰነድ ዝርዝር ይደርሳችኋል፦ መመሥረቻ ጽሑፍ፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የሊዝ ውል፣ የብድር ውሎች፣ የሠራተኛ ክርክሮች፣ የግብር ክሊራንስ። ቦሌ አካባቢ ባለ ቢሮ ላፕቶፕ የያዙ ትሑት ወጣቶች ቡና ጋብዘው፣ በአማርኛ እያዋሩ ይቀበሏችኋል። «ይሄ አንቀጽ ምን ማለት ነው?» ብትሏቸው ያስረዷችኋል፤ አይዋሹም። አንቀጹ እናንተን እንደሚጎዳ የመንገር ግዴታ ግን የለባቸውም። ታማኝነታቸው ለደንበኛቸው ነው፣ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሽያጭ ውሉ ውስጥ «ሻጩ ያልተከፈለ ግብር እንደሌለ ያረጋግጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ክሊራንስ በእጃችሁ ስላለ ትፈርማላችሁ። ክሊራንስ ግን ኦዲት አይደለም። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በመደበኛው እስከ 5 ዓመት ወደኋላ ሄዶ ስሌቱን ማሻሻል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለማ የጊዜ ገደብም የለውም። ያ ዓረፍተ ነገር የገንዘብ ጣሪያና የጊዜ ገደብ ካልተበጀለት፣ ድርጅቱን ከሸጣችሁ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ሂሳብ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ጣሪያ ይበጅለት ብሎ የሚጠይቅላችሁ የራሳችሁ ጠበቃ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የውሉ መጨረሻ ላይ ያለው አንቀጽ ነው፤ ክርክር ቢነሳ የት ይታያል የሚለው። ብዙ ነጋዴ ዋጋው ላይ ሳምንታት ይከራከርና ይህን ሳያነብ ያልፋል። የውጭ ፍርድ ቤት ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ ውሳኔውን የሰጠው አገር የእኛንም ውሳኔ የሚፈጽም እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የ1958ቱን (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች፤ በእኛ ላይ የጸናውም በኅዳር 2013 ነው። ስለዚህ መቀመጫውን ለንደን ያደረገ ግልግል የሰጠው ውሳኔ ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል። እዚያ ሄዶ ለመከራከር የግልግል ዳኞችና የጠበቆች ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው። መካከለኛ ድርጅት ያለው ሰው እውነት ይዞም ወጪውን ፈርቶ ሊተወው ይችላል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ይሁን፣ ሦስት ዳኞች ሳይሆኑ አንድ ይበቃናል ብሎ መደራደር ይቻላል። የሚቻለው ግን ከመፈረም በፊት ነው።

ጠበቃ መቼ ይያዝ ለሚለው፦ ዋናው ውል እስኪመጣ አትጠብቁ። «የመግባቢያ ሰነድ ብቻ ነው፣ አያስገድድም» ተብሎ የሚሰጣችሁ ወረቀት ውስጥ፣ ለተወሰኑ ወራት ከሌላ ገዢ ጋር እንዳትነጋገሩ የሚያስገድድ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ያንን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃችሁ ላኩት፤ ክፍያውንም በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።