«አይዞሽ» ብቻውን ቀጠሮ አያደርስም!

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዘመድ ከአገር ቤት ለሕክምና መጥቶባችሁ ያውቃል? «መጥቶባችሁ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እንደኔ ባለ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ፍራሹን የት እንደሚዘረጋ ነው። እንግዳዋ የመጣችው ለሠርግ ሳይሆን ለካንሰር ሕክምና ሲሆንስ? ያኔ ነገሩ ከፍራሽ ያልፋል…

የኔዋ እንግዳ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ዓምና የመጣችው ከዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ካለ ገጠር ነው። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከመንደሯ ሰቆጣ በእግር፣ ከሰቆጣ ላሊበላ፣ ከላሊበላ በጋሸና አድርጎ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። ሰላም ሲሆን ሁለት ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት ሲመጣ ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ መንገደኛውም ሹፌሩም አያውቁም። ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። አያማትም ነበራ! የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ እንደማያም ማን ነግሯት?

ለምን ይህን ሁሉ መንገድ ትሉኝ ይሆናል። የጨረር ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከሞያሌም ይምጣ ከሁመራ፣ ጨረር የታዘዘለት ሁሉ ወረፋ የሚይዘው እዚያው ነበር። አሁን ጅማን የመሳሰሉ ከተሞችም ጀምረዋል፤ ኬሞውንም እንደ ጎንደር ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይሰጣሉ። ለዋግ ሰው ግን ጎንደርም ቢሆን ቅርብ አይደለም፤ ዘመድ ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ሰው የሚታከመው ዘመዱ ያለበት ነው።

አክስቴ ቤቴ ከመግባቷ አጎቴ ደውሎ አንድ ትእዛዝ ሰጠኝ፤ «ስሙን እንዳትነግሪያት! ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች።» እኔ በዚህ አልስማማም፣ በግልጽ ልናገር። የበሽታዋ ስም የተደበቀባት ሴት መድኃኒቱን ለምን እንደምትወስድ አታውቅም። ፀጉሯ ሲረግፍ ምን እንደመጣባት አታውቅም። ሁለት ጊዜ ተወግታ ሲያስመልሳት «መድኃኒቱ ነው የገደለኝ» ብላ ጓዟን ብትጠቀልል ማን ይፈርድባታል?

ለነገሩ እሷው ቀደመችን። በመጣች በሁለተኛው ቀን ማታ ሻይ እየጠጣን «ነቀርሳ ነው አይደል?» አለችኝ። «አዎ አክስቴ» አልኳት። አለቀሰች… ብዙም አይደለም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «ስንት ጊዜ ነው የምመላለሰው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ልብ በሉ፤ «እድናለሁ ወይ?» አላለችም።

መልሱ የመጣው በሚያዝያ ቀዶ ጥገናው ከተደረገላት በኋላ ነው። ስምንት ዙር ኬሞ፣ በየሃያ አንድ ቀኑ፣ ከሰኔ 5 እስከ ጥቅምት 27። በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስምንት ቦታ ከበብኩላት። ማንበብ አትችልም፤ ክቦቹን ግን በጣቷ ትቆጥራለች።

ጤፉስ?

የመጀመሪያው ዙር ለሁላችንም ድንጋጤ ነበር። ቀዩን መድኃኒት በተወጋች ማግስት ሽንቷ ቀላ ሲል ደም መስሏት ጮኸች። ደም አይደለም፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ቢኖር ኖሮ ያን ሌሊት እንቅልፍ ታገኝ ነበር። ፀጉር ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ መርገፍ ይጀምራል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ተመልሶ ይበቅላል። አክስቴ ያደገችው በሻደይ አገር ነው፤ ነሐሴ 16 የዋግ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ አጊጠው፣ ከበሮ ይዘው በሚወጡበት። ፀጉር ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። እሷ ግን «ሳይረግፍ ቁረጡልኝ» አለች። ግቢያችን ያለች ፀጉር ሠሪ በነፃ ቆረጠችላት፣ ሻሽም ጨመረችላት።

ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አራተኛው ዙር ነሐሴ 8 ነው፣ እሷ እየጾመች ነው። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ይላል፣ እሷ «ሞቼ ነው!» ትላለች። እኔ ከእሷ ጋር ከመከራከር የንስሐ አባቷን በስልክ አገናኘኋት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ «መድኃኒትሽ ነው፣ ብዪ» አሏት፣ በላች። ጸበሉንም አልከለከልናት። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለኬሞም ያው ነው። ክፉው ነገር በጸበሉ ምክንያት ቀጠሮ ሲታለፍ ነው።

ይህ ሁሉ ግን አልጣላትም ነበር። ሊጥላት የነበረው ጤፍ ነው! ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት «ይበቃኛል፣ ወደ አገሬ ስደጂኝ» አለችኝ። እኔ ማቅለሽለሹ መስሎኝ ሎሚ ቆርጬ ሰጠኋት። ነገሩ ሌላ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ብቻውን ዘርቶታል፤ በነሐሴ የሚያርምለት የለም። ባሏ ሞቷል። አገሩም ጦርነትና ድርቅ የተፈራረቁበት አገር ነው፣ አንድ ዓመት ምርት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «እኔ እዚህ ስድን ልጆቼ እዚያ ሊራቡ ነው?» አለች። ምን ይመለሳል? «አይዞሽ» ልበላት?

እናቴ ናት መላውን የፈጠረችው። ለአክስቴ የጽዋ ማኅበርተኞች ደወለች። በነሐሴ አንድ ቀን አሥራ ስድስት ሰው ወጥቶ ማሳውን አርሞላት ዋለ። ማታ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ደወለችላት። በኽምጣኛ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም፤ የኔ ኽምጣኛ የተሰባበረ ነው። አክስቴ ግን ስልኩን ዘግታ ቀን መቁጠሪያውን አየች፣ አራተኛው ክብ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ነሐሴ 8 በእግሯ ሄደች።

ተስፋ ዕጢ አያሟሟም

አንዳንድ ጠያቂ «ተስፋ ካደረግሽ በሽታው ይጠፋል» ይላል። ውሸት ነው፤ ጨካኝ ውሸትም ነው። በሽታው ባይጠፋ ጥፋቱ የታማሚዋ ሊሆን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒገል የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን 86 ሴቶች አጥንቶ፣ በየሳምንቱ በቡድን እየተገናኙ ሲወያዩ የነበሩት ረዘም ያለ ጊዜ እንደኖሩ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ዓለም ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን የካናዳ ተመራማሪዎች በ235 ሴቶች ላይ ሲሞክሩት ዕድሜ አልጨመረም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ በጣም ይጨነቁ የነበሩት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ ሕመሙም ቀለል አላቸው። ይህ ትንሽ ነገር ነው እንዴ? የሚያድነው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱ እንዲሠራ ግን ሰውየው ለሚቀጥለው ዙር መመለስ አለበት። እኔ ተስፋ የምለው ይህንን መመለስ ነው። ይህ ደግሞ የአረም፣ የታክሲ፣ የሾርባና የአልጋ ነገር ነው።

እኛ ቤት የሠራው ዘዴ ተራ መያዝ ነው። ሰባት ጓደኛሞች ነን። ስም ዝርዝር ጽፈን በሩ ጀርባ ላይ ለጠፍን፤ ማን ደም ምርመራ ይወስዳታል፣ ማን በኬሞው ቀን ይውላል፣ ማን ማታ ሾርባ ይሠራል። ዕቁባችንን ለሁለት ዙር ለእሷ አወጣን። ከሰቆጣ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አፈላልገን ሐኪሙ ጋ አብሯት ይገባል፤ አክስቴ አማርኛ ታውቃለች፣ ስትደነግጥ ግን ይጠፋባታል። ከሰባታችን አንዷ በሁለተኛው ሳምንት ጠፋች። በኋላ ስትናገር «ሳያት የእናቴን ሞት ያስታውሰኛል» አለችን። አልተቀየምናትም፤ ገበያ እየሄደች አትክልት እንድትገዛ አደረግን። ታማሚ አጠገብ መቀመጥ የማይችል ሰው ሽንኩርት መግዛት ይችላል።

ከሁሉም ያስቸገሩኝ ጠያቂዎች ናቸው። አንዷ ቁጭ ብላ «የእገሌ ሚስትም እንዲሁ ነው የጀመራት… በሦስት ወሯ…» ስትል በር ከፍቼ ላስወጣት ምንም አልቀረኝም። ሌላዋ የምትጠጣበትን ብርጭቆ ለየች። ካንሰር በብርጭቆ፣ በማንኪያ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ከውጭ በማሽን ጨረር የተሰጠው ሰውም ጨረሩን ይዞ ወደ ቤት አይመጣም፤ ሕፃን ማቀፍ ይችላል። ይልቅ እኛ ነን ለእሷ የምናሰጋው! ኬሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክም ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በስልክ ይጠይቃት። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ «ነገ ይሻላታል» ብሎ ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። የሙቀት መለኪያ ግዙ፤ ቤታችን ውስጥ ከገባው ዕቃ ሁሉ የጠቀመን እሱ ነው። ለሊት መንገድ የሚሆን የታክሲ ብርም ለብቻው ይቀመጥ፤ እኛ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር፣ ማንም አይነካውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌለውስ? ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተባለውን ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው፤ ትንሽ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ከሞተባቸው በኋላ። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። ለሕፃናት ደግሞ በወላጆች የተቋቋመው ተስፋ አዲስ አለ። ሆስፒታል በር ላይ ፌስታል ይዞ የሚያድር ሰው ስታዩ ይህን ብትነግሩት ከሳንቲም ይበልጥበታል።

አክስቴ ስምንቱን ዙር ጨረሰች፣ ጨረሩም ተከተለ። በኅዳር ጤፉ ሲታጨድ አልደረሰችም። አሁን ሰቆጣ ናት፤ ፀጉሯ በቅሏል፣ ክትትል አላት። ድና ቀረች አልላችሁም፤ ያን የሚለው ሐኪሙ ነው፣ እሱም ገና አላለም።

ባለፈው አንዲት አንባቢ «የክፍል ጓደኛዬ ኬሞ ጀምራለች፤ ምን ብዬ ላጽናናት?» ብላ ጽፋልኛለች። እህቴ፣ ንግግር አታዘጋጂ። ቀጠሮዋ መቼ እንደሆነ ጠይቂና ጠዋት በሯ ላይ ተገኚ። ሽቶሽን ለዚያ ቀን ተይው፣ ሽታ ያስመልሳታል። ሎሚና ባዶ ፌስታል ያዢ። ወረፋው ላይ ዝም ካለች ዝም በዪ፣ ስለ ፊልም ካወራች ስለ ፊልም አውሪ። ስትመለሱ የሚቀጥለውን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን፣ ጠያቂው ሁሉ ሲሳሳና ድካሙ ሲበረታባት፣ ደውዪላት። ካላነሳች ማታ ደግመሽ ደውዪ።