መተማ ላይ ሰው የሚጨርሰው አየሩ ነው?

ደጋ ላይ ስለ መተማ የሚወራው ሁለት ነገር ነው፤ ሰሊጡ ያከብራል፣ አየሩ ይገድላል። የመጀመሪያውን ለነጋዴዎች እንተወውና ሁለተኛውን እንፈትሽ። ቆላው ሞቃት ለመሆኑ ክርክር የለም፤ መተማ ዮሐንስ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ወባ የሚበረታው ግን በዚያ ሐሩር አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየቦታው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያ ደግሞ ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ ስንት ደረሰ ሳይሆን፣ በእነዚያ ወራት ሰዉ የት ያድራል የሚለው ነው።

የሚያድረው ማሳ ላይ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ስለሚረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት፤ ለዚህም ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ይወርዳል። ሲያጭድ፣ ነዶ ሲያስር፣ ነዶውን እንዲደርቅ በሂላ ሲያቆም ውሎ ሲመሽበት በላስቲክ ዳስ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ጋደም ይላል። ሌላውን የቆላ በሽታ፣ ካላዛርን፣ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያዋ የጥቁር አፈር ስንጥቅና የግራር ጥግ ነው። በጎረቤት ሑመራ በወቅታዊ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሌሊት ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይቷል፤ ግራር ሥር የተኛውም ያልተኛውም ያሉት በአንድ አየር ውስጥ ነው፣ ልዩነቱ መኝታው ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ስለሚቆይ ሰውየው ገንዘቡን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ይታመማል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይዘልቃል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካላዛር በማይታወቅበት ጤና ጣቢያ ወባ ተብሎ ሊታለፍም ይችላል። ያልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ ይሞታል። መመርመሪያው ግን የጣት ደም ነው፣ የተለመደው ሕክምናም የ17 ቀን መርፌ።

«ደገኛ ወባን የሚቋቋም ሰውነት የለውም» የሚለው መከራከሪያ እውነት ነው፤ ከሁሉም የጠነከረውም እሱ ነው። ይሁንና ደገኛው ቶሎ የሚወድቅበትን ምክንያት እንጂ ያለ አጎበር ለምን እንደሚያድር አይነግረንም። አጎበር የሚታደለው ደግሞ በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ የቀን ሠራተኛ እዚያ ቤተሰብ የለውም፣ ቢያገኝስ ሜዳ ላይ በምን ይሰቅለዋል? ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማው ኩመር መጠለያ በገቡት ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲነሳም መነሻው ውሃና መጸዳጃ እንጂ ሐሩሩ አልነበረም። ለአንድ ወር አጨዳ አጎበር የሚሰቀልበት ባለ ምሰሶ ዳስ ማን ይሠራል የሚል ባለሀብት አይጠፋም። ሰሊጡ በሚረግፍባት ሳምንት አጫጁ በትኩሳት ሲወድቅ ማሳው ላይ የሚቀረው ፍሬ ግን የዚሁ ባለሀብት ነው።