ቤት ከመግዛት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ

በአራዳ፥ በአትክልት ተራ አካባቢ፥ ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ ነበሩ። እንዲህ ያለው ቤት በኖራ ተለስኖ ሲታይ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱን ከመሬት በሚገናኝበት በኩል እርጥበትና ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ገዢው የግድግዳውን ሥርና የጣራውን ቆርቆሮ አስቀድሞ ቢመረምር፥ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ለማስቀነስ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን ስለ ተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ግልጹን ጉድለት በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ለቀረ ገዢ ግን አይደርስለትም።

ሆኖም ግድግዳን መመርመር ብቻውን አይበቃም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗልና፥ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈርሰዋል። እንግዲህ ካርታውንና የከተማውን ፕላን ያላየ ሰው፥ ጽኑ ግድግዳ ገዝቶ ቤት ሊያጣ ይችላል።