ጥቁር ቀለም በቀይ አፈር አገር

ቡና በሚለቀምበት ወራት ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ገንጠል ብሎ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያስገባው መንገድ ሁሉ ይቦናል። እሸት ቡና ጭኖ ያለፈው አይሱዙ ያስነሣው ቀይ አቧራ ሳይረጋ ሌላው ይደርሳል። እዚያ መንገድ ላይ ነጭ ቪትዝ ትቆሽሻለች፣ ብርማ ኮሮላ ትደበዝዛለች፤ ጥቁር መኪና ግን ጥቁርነቷ ራሱ ይጠፋል። ባለቤቱ በማግሥቱ ጠዋት ከመቀመጫው ሥር ደረቅ ጨርቅ ያወጣና ከኮፈኑ ጀምሮ እስከ ኋላው ድረስ እየወለወለ አቧራውን ያራግፋል። መኪናዋ ታበራለች፣ ጎረቤትም ያደንቃል። ቀለሟን ግን ከዚያ ሁሉ መንገድ ይልቅ የጎዳው ይህ ጨርቅ ነው።

ጉዳቱን ለማየት እስኪመሽ መጠበቅ ይሻላል። በጨለማ የስልክዎን መብራት ኮፈኑ ላይ ቢያበሩ፣ በነጸብራቁ ዙሪያ ክብ የሠሩ በጣም ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ብዙ ሰው አጣቢው እጁን እያዞረ ስላጠበ የመጡ ይመስለዋል። አይደለም። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ከመብራቱ አንጻር አግድም የዋሉት ብቻ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን ስለሚመልሱ ክብ ሠርተው ይታያሉ። መብራቱን ወዲህና ወዲያ ሲያደርጉት ክቡም አብሮ ይሄዳል። ነጭ መኪናም የዚያኑ ያህል ተቧጭራ ይሆናል፤ ነጭ ቀለም ግን ድሮውንም ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን፣ ጭረቱ የሚጨምርበት ጥቂት ብርሃን አይለይም። ጥቁር የገባበትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል። ከላዩ የሚመለሰው ንጹሕ ነጸብራቅ ብቻ ስለሆነ የጭረትን ነውር የሚሸፍንለት ነገር የለም።

የምንወለውለው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጨርቅ ሲያነሣ እጁ ይከብደዋል። ከብረቱ በላይ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ጥቁሩ ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ሽፋን አለ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሚያብረቀርቀው፣ የሚጫረውም፣ ፖሊሽ የምናደርገውም ክሊሩ ብቻ ሲሆን ውፍረቱ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ይደርሳል። የሰው ጠጉር 70 ገደማ ነው።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ፎርድ ሞዴል ቲን ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ብቻ ሲያመርት ክሊር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቀለሙ ራሱ ነበር የሚያበራው። ዛሬም በጅማና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚታዩት የቆዩ ፔጆዎችና ቮልሶች መካከል ክሊር የሌላቸው አሉ። ለመለየት ቀላል ነው፦ ነጭ ጨርቅ ፖሊሽ አስነክተው በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ይሹበት። ጨርቁ ከጠቆረ የሚነሣው ቀለሙ ራሱ ነው፤ ካልጠቆረ ክሊር አለ። ክሊር በሌለው መኪና ላይ የጠቆረው ጨርቅ ያልለመደውን ሰው ያስደነግጣል፣ ግን ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። የጅማ አፈር የቀላው በውስጡ ባለው የብረት ኦክሳይድ ነው። የሚገርመው ግን በውጭ አገር ወርቅ አንጥረኞችና የመስታወት ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያወለውሉበት ቀይ ዱቄትም ብረት ኦክሳይድ መሆኑ ነው። ታዲያ የአጋሮ አቧራ ስለምን ፖሊሽ አይሆንም? ልዩነቱ ያለው በቅንጣቱ መጠን ላይ ነው። ያ ዱቄት እኩል እስኪደቅ የተፈጨና የተነፋ ነው፤ የመንገድ አቧራ ግን ልሙን ሸክላ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ የያዘ ነው። አሸዋው ኳርትዝ ነው፣ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያም 7 ላይ ይቆማል። ከመስታወት ይጠነክራል፤ ክሊር ደግሞ ከመስታወት በብዙ የሚለሰልስ የፕላስቲክ ዘር ነው። አንዲት ቅንጣት በደረቅ ጨርቅ ሥር ከገባች ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ትስላለች። ናፍጣ ነክሮ መወለወል የሚወዱም አሉ። ለአንድ ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ ቅባቱ የሚቀጥለውን አቧራ ሁሉ ይዞ ያስቀራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ያንኑ ይወለውሉታል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሳይነኩ በማጠብ ነው። ላቫጆ በግፊት ውሃ ማጠቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ጎማና ቸርኬ የታጠበበት ስፖንጅ ተመልሶ ኮፈን ላይ ሲወጣ ነገሩ ይበላሻል። በግቢ ውስጥ ግን ማንም አያጣድፍዎትም። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ብረቱ ሲነኩት ቀዝቃዛ ሲሆን ይጀምሩ። በመጀመሪያ ከጣራው ጀምሮ ውሃ ብቻ በብዛት ያውርዱበት። ቧንቧው ውሃ ያጣ ቀን ጀሪካንና የአትክልት ማጠጫ ይበቃል፤ እንዲያውም ማጠጫው ከውሃ ጎማው ይልቅ ውሃ ይቆጥባል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፦ አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ አንድ ጎን አጥቦ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ባልዲ ውስጥ ይታጠባል። በመጨረሻ የዚያን ባልዲ ታች ሲያዩ የተጠራቀመው ቀይ ዝቃጭ ክሊሩ ላይ ሊሄድ የነበረ ነው። ጎማና ፓራፋንጎ በሌላ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ ይታጠባሉ። ዱቄት ኦሞ አይጨመርም፤ ያልሟሟው ፍሬ ይጭራል፣ የሟሟውም ሰሙን ይገፋል። የዕቃ ማጠቢያው ላርጎ የቀድሞውን ሰም ጠርጎ ስለሚያነሣ አዲስ ፖሊሽ ሊደረግ ሲል አንድ ጊዜ ይጠቅማል፣ ለሳምንታዊ እጥበት ግን አይሆንም።

በጥቁር ላይ ውሃው ራሱ ጣጣ አለው። የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዛል፤ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፣ ፀሐይ ሲደጋግመውም ቀለበቱ ክሊሩን ይበላዋል። ጅማ ግን በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት፣ ክረምቱ ረጅም የሆነ አገር ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣራ የመጀመሪያው ቆሻሻ ከታጠበ በኋላ በበርሜል የተጠራቀመውን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ቢያቆዩት ከሱቅ የሚገዛ የትኛውም መድኃኒት አይተካውም። ለማድረቅ ፎጣውን ዘርግቶ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው እንጂ መጎተት የለም።

የታጠበውን መኪና በመዳፍዎ ቢዳስሱት አሁንም ሸካራ ሊሆን ይችላል። ከፍሬን የሚበተን የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና ሬንጅ ተጣብቀውበታል። ከዋንዛ ወይም ከብሳና ሥር ያደረ መኪና ላይ የወፍ ኩስ አይታጣም፤ የወፍ ኩስ አሲድ ስላለው በሙቀት ከለሰለሰው ክሊር ውስጥ ገብቶ የማይለቅ ጠባሳ ይሠራል። በማር አገር ደግሞ የንቦች ቢጫ ነጠብጣብ አለ፤ ሰዎች የአበባ ዱቄት ይመስላቸዋል እንጂ የንቧ ኩስ ነው። ሁለቱንም መፋቅ አይገባም። እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅና በቀስታ ማንሣት ነው። ለቀረው ሸካራነት በእጅ የሚለወስ፣ ለመኪና ቀለም ተብሎ የተሠራ ሰው ሠራሽ ጭቃ አለ። ክሊሩን በሳሙና ውሃ አርጥበው ሲያንሸራትቱት የተጣበቀውን እየነቀለ ያነሣል። መሬት ከወደቀ ይጣላል፣ አይታጠብም።

ከዚህ በኋላ ነው ፖሊሽ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ከጫማ ተነሥቶ ስለሚያስብ ነው። ሊስትሮ ጫማ ላይ ቀለምና ሰም ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር ያምራል። የመኪና ፖሊሽ ይቀንሳል። በውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የደቀቀ አልሙኒየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ ሥራው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ማውረድ ነው። ጭረቱ የጠፋው ስለተሞላ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ስለወረደ ነው። ለስላሳ ፖሊሽ ምናልባት ከአንድ እስከ ሦስት ማይክሮን ይወስዳል፤ ሻካራው ኮምፓውንድ ከዚያ በላይ። ካለው 40 ገደማ ላይ በየዓመቱ ለበዓል እያሉ ቢቀንሱ ምን እንደሚቀር ማስላት አያቅትም። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ደግሞ ለፖሊሽ ጥልቅ ነው። እሱን አስወግዳለሁ ብሎ መታገል ክሊሩን ጨርሶ ቀለሙ ላይ መድረስ ነው።

ክሊሩን የሚፈትን ከፍታም አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ጨረር የሚቋቋመው ክሊሩ ነው። ክሊሩ ሲሳሳ ጣራውና ኮፈኑ ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ይላጣል። እዚያ ከደረሰ ምንም ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ወደ ቀለም ቀቢ መሄድ ነው።

በእጅ የሚሠራ ሰው ጥፋቱ ትንሽ ነው፣ ክንዱ ቶሎ ስለሚደክም። በክብ ስፖንጅ ላይ አራት ነጥብ ያህል ፖሊሽ አድርጎ፣ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ባለው ቦታ ላይ ወደ ላይና ወደ ጎን እየሄዱ መሥራት፣ ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ማንሣት ነው። ሁልጊዜ በለስላሳው ይጀመራል፤ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ይኬዳል። ማሽን ላለው እየዞረ የሚወዛወዘው ዓይነት ሙቀቱን ስለሚበትን ለጀማሪ ይሻላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ፈጣን ነው፣ ግን ያልሠለጠነ እጅ ፀሐይ ላይ የሚንቀሳቀስ የብርሃን ጥላ ትቶበት ያልፋል፤ ጥቁር ላይ ከመጀመሪያው ጭረት የከፋ መልክ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ብረት በሚቆረጥበት ግራይንደር ላይ የሱፍ ቆብ አስሮ ፖሊሽ ያደርጋል። ግራይንደር በደቂቃ 10000 ዙር አልፎ የሚሄድ መሣሪያ ነው፤ የፖሊሽ ማሽን ከ3000 ብዙም አያልፍም። ጠርዝና የኮፈን እጥፋት ላይ ክሊሩ ከሌላው ቦታ ስለሚሳሳ፣ እነዚያን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መጀመር ብዙ ጸጸት ያስቀራል። በእጅ ሠርተው በቀን አንድ በር ብቻ ቢጨርሱም አያፍሩበት። ንጉሡ አባ ጅፋር በፈረሱ ስም ይጠራበት በነበረው አገር ሰው ለሚጓዝበት ነገር መልክ አንድ ሳምንት ቢሰጥ የሚገርመው የለም።

ሰም የሚቀባው ፖሊሹ ካለቀ በኋላ ነው፣ ይሄኛው በእርግጥ ይጨምራል። ከገራና ከከፋ ጫካ የሚመጣው ማር ያለበት አገር ሰው ለምን የውጭ ሰም ይገዛል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ኢትዮጵያ በማር ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት፣ የንብ ሰምም ወደ ውጭ ትልካለች። የንብ ሰም ለጧፍ ድንቅ ነው፣ የጅማን በርጩማም ያሳምራል። ለጥቁር መኪና ግን ቶሎ ይለሰልሳል፦ የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የዋለበት ጥቁር ኮፈን ደግሞ ወደዚያ ይጠጋል። የለሰለሰ ሰም አቧራ ይይዛል። የመኪና ሰም የሚሠራበት ካርናውባ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሲሆን የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው፤ ለዚህ ነው የተመረጠው። ስስ ሆኖ ይቀባል፣ ወፍራም ቢቀባ የሚጠቅመው ለሻጩ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ከዚያ ይቆያል፣ ውሃም ያንከባልላል። ሆኖም በደረቅ ጨርቅ የሚመጣውን ጭረት አያቆምም፤ ከሥሩ ያለውን ጭረትም አብሮ ይሸፍንና ያስቀራል።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ፖሊሽ የሻጭ መሣሪያ ሆኗል። ዘይትነት ያለው ፖሊሽ ጭረቱን ሞልቶ ለጥቂት ቀን ይሰውረዋል። ጥቁር መኪና ሊገዙ ከሆነ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አይይዝም። ከዚያ ሻጩን አስፈቅደው ኮፈኑን ብቻ በላርጎ ያሳጥቡ፣ ፀሐይ ላይ አውጥተውም ጎንበስ ብለው ይዩት። ማሳጠብ እምቢ ካለ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ።