በረንዳ ላይ ጎመን መትከል ለጤና ይጠቅማል? ከመትከላችሁ በፊት ልታውቋቸው የሚገቡ ነገሮች



ሰሞኑን በመልእክት ሳጥኔ ደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በረንዳ ላይ ቆስጣና ጎመን ብተክል እውነት ለጤናዬ ይጠቅመኛል ወይስ ድካም ብቻ ነው?» የሚል። ነሐሴ ተገባዶ አደይ አበባ ልትፈነዳ ስትል ሰው ሁሉ እጁን ወደ አፈር ይሰዳል፤ ያለ ነው። (በነገራችን ላይ በቆጠራችን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው ወቅት መጸው ነው የሚባለው። ጸደይ ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ግን አደይዋን ስናይ «ጸደይ መጣ» ማለት ለምደናል፤ ዛሬ እኔም እንደዛው ልበል።)

አጭሩ መልሴ፦ አዎ ይጠቅማል። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ይለያል፤ ምክንያቱም የሚጠቅመው ሰዎች በሚያስቡት በኩል ብቻ አይደለም፣ የሚጎዳበት መንገድም አለው።

በመጀመሪያ ልክ እናስቀምጥለት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። አምስት ስድስት ባልዲ የያዘች በረንዳ ይህንን ለአንድ ቤተሰብ አትሞላም። ማንም «ከገበያ ነፃ ትወጣላችሁ» ቢላችሁ አትመኑት። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከራሳችሁ የተቀነጠሰ ትኩስ ቅጠል ማግኘት ግን ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ቅጠል ምን ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ ታውቃላችሁ።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ለአዲስ አበባ ሰው ቀልድ አይደለም። ከተማችን ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማ ነው። ወንዞቹ የፋብሪካ ፍሳሽም የመጸዳጃ ፍሳሽም ይገባባቸዋል። በዚህ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ ለዓመታት በተደረጉ ምርመራዎች እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጀርም ከሆነ በደንብ ማብሰል ይገድለዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባን እርሳስ ግን መታጠብም መቀቀልም አያጠፋውም። እርሳስ ደግሞ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነው፤ «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ይህን ስል አትክልት መግዛት አቁሙ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ! አትክልት አለመብላት የባሰ ጉዳት ነው። ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ አንድ ቦታ ብቻ አትግዙ፣ ከቻላችሁ ደግሞ የተወሰነውን ራሳችሁ አብቅሉ።

አሁን ወደ ባልዲው እንምጣ። ለጀማሪ የምመክረው ቆስጣን ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ታቹ የተበሳ ዕቃ ይበቃዋል። ፍሬውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ዝሩት። አንዷ ፍሬ የፍሬዎች ጥቅል ስለሆነች ሁለት ሦስት ቡቃያ ታወጣለች፤ ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን ንቀሉ። ከ50 እስከ 60 ቀን ውስጥ ይደርሳል። የውጭ የውጭውን ቅጠል ቀንጥሱ፣ መሐሉን አትንኩ፤ ለወራት ይሰጣችኋል። የሐበሻ ጎመንም እንደዚሁ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርድባቸዋልና ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ አስደግፏቸው። ሁሉም ቢሆኑ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኙ ቀጥነው ይቀራሉ።

ቦታ የሌለው ሰው ደግሞ በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ይትከል። ይሄ ለደም ግፊት ታካሚዎቼ ዘወትር የምነግራቸው ነው። ጨው ቀንሱ ሲባሉ «ምግቡ አልጣፍጥ አለኝ» ይሉኛል። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ጨው ላይ ለመድረስ ሽታና ጣዕም የሚሰጥ ነገር በእጅ መኖሩ ብዙ ያግዛል። ከገበያ የምትገዙት በሁለት ቀን ይጠወልጋል፤ በረንዳችሁ ላይ ያለው ግን እናንተን ይጠብቃል።

«ቆስጣ ደም ይተካል» የሚለውን ነገር እንነጋገርበት። ቆስጣ ውስጥ አይረን አለ፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከቅጠል የሚገኘው አይረን ወደ ደማችን የሚገባው በጥቂቱ ነው። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲጨመርበት በውስጣቸው ባለው ቫይታሚን ሲ ምክንያት አወሳሰዱ ይሻሻላል። ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ከኋላው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ደም ማነስ ያለባችሁ ሰዎች ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት አዘግዩት፤ እኔ ቡና ተዉ አላልኩም! ሄሞግሎቢናችሁ 8 የሆነ ሰዎች ግን በቆስጣ ብቻ እንታከማለን ብላችሁ ወራት እንዳትጠብቁ። ለምን እንደቀነሰ መመርመር አለበት፤ የሚደማ ነገር ይኖር ይሆናል፣ የሆድ ትል ይኖር ይሆናል።

ሌላው ፎሌት ነው። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ደህና አድርጎ አለ፤ ግን ውሃ ይወስደዋል፣ ሙቀትም ይጎዳዋል። ጎመኑን ረጅም ሰዓት ቀቅለን፣ ጨምቀን ውሃውን ስንደፋው ግማሽ ያህሉን አብረን ልንደፋው እንችላለን። በጥቂት ውሃ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ቶሎ ማውጣት ይሻላል። ትንሽ ዘይት ማድረጉ ደግሞ ቫይታሚን ኤ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ሰውነታችን እንዲወስደው ይረዳል።

እርግዝና ያሰባችሁ እህቶች ግን ይህችን አንብቡልኝ። የፅንሱ የአከርካሪና የአእምሮ መሠረት የሆነው ቱቦ የሚዘጋው ፅንስ ከተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳን አታውቅም። በቱቦው አለመዘጋት የሚመጣው ችግር በሀገራችን በብዛት ይታያል። ስለዚህ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ በእንክብል መውሰድ ያስፈልጋል። የበረንዳው ጎመን ይታከልበታል እንጂ አይተካውም።

ጓሮው ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ልንገራችሁ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን የምትወስድ አንዲት ታካሚ ነበረችኝ። ለወራት የተስተካከለ የነበረው የደም መቅጠን ምርመራዋ በድንገት ወረደ። መድኃኒት ዘልላ እንደሆን ስጠይቃት አንድም ቀን አልዘለለችም። በጨዋታ መሐል ነው የገባኝ፤ በረንዳዋ ላይ የተከለችው ጎመን ደርሶላት በየቀኑ እየበላች ነበር። ጎመንና ቆስጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። የተቀየረ ቫልቭ ላይ ደም ከረጋ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ጎመኑን ግን አላስተውኳትም! በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን እንድትበላ ተስማማን፣ የመድኃኒቱን መጠን በዚያ ልክ አስተካከልን፣ ምርመራውንም አቀራረብን። ዋርፋሪን የምትወስዱ ሁሉ፣ ቅጠል ልትጀምሩም ልታቆሙም ስትሉ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ኩላሊታቸው የደከመና «ፖታሲየም ቀንሱ» የተባሉ ሰዎች ደግሞ ከላይ ያልኩትን ገልብጠው ይያዙት፤ ለእነሱ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋቱ ነው ትክክሉ። የኩላሊት ጠጠር የሚመላለስባችሁ ከቆስጣ ይልቅ የሐበሻ ጎመንን ምረጡ፤ ቆስጣ ኦክሳሌት ይበዛዋል። ጤና አዳምን ደግሞ ነፍሰ ጡሮች በተለይ ጨምቃችሁ እንዳትጠጡ፤ ማሕፀንን ሊያስቆጣ ይችላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ቃጠሎ የሚመስል ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል።

እሺ፣ አፈሩን ከየት ታመጣላችሁ? ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አካባቢ ወይም ባትሪ ከሚሠራበት ሰፈር አትዝቁ። ያኔ ከአቃቂ የሸሻችሁትን እርሳስ ቤታችሁ ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ከችግኝ ጣቢያ ግዙ። ዕቃውም ቢሆን የምግብ ዘይት ጀሪካን ይሆናል፤ የቀለም ባልዲ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የፀረ ተባይ ዕቃ ግን ምንም ብታጥቡት አይሆንም። (አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቼ ደግሞ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ላይ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ሳታስመረምሩ የምትበሉትን አትትከሉበት።)

ትኩስ እበትና የዶሮ ኩስ ቅጠል ላይ ማድረግ ሌላው ችግር ነው። ሳልሞኔላና ሌሎች ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ከአፈር ጋር ተደባልቆ ቢያንስ 4 ወር ሳይሞላው በጥሬው የሚበላ ነገር አትቀንጥሱ። የሰው ዓይነ ምድር የነካው አፈርና ውሃ ደግሞ የወስፋት እንቁላል ይይዛል፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሰላጣን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ መዘፍዘፍ አይገድለውም። የሚያዋጣው በንጹሕ፣ በሚወርድ ውሃ ቅጠል በቅጠል እያሹ ማጠብ ነው። የራሳችሁ ጓሮ ስለሆነ ብቻ ሳይታጠብ አይበላም!

ከጎድጓዳው ሥር የምታስቀምጡት ሳህን ላይ የሚጠራቀም ውሃም አለ። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባል የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኝቷል፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም አንዱ ምክንያት ነበር። ይህ ትንኝ ከሌሎቹ የሚለየው ከተማ ውስጥ፣ ሰው በሚያጠራቅመው ውሃ ውስጥ መራባቱ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመብረር ከሳምንት ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ ድፉት፣ በርሜሉንም ክደኑት።

ተባይ ሲመጣ ጎረቤት በለስላሳ ጠርሙስ ቀንሶ የሚሰጣችሁን መድኃኒት አትቀበሉ። ጠምቶት የጠጣ ሕፃን በስንት መከራ እንደሚተርፍ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። ለቅማል የሳሙና ውሃ ይበቃል። ግቢ ያላችሁ ደግሞ ሳይተከል ከሚበቅለው አስተናግርን ንቀሉ፣ የጉሎ ፍሬንም ከልጆች አርቁ፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። ልጅ አፉ ደርቆ፣ ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ከተቀባዠረ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ቅጠሉን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ባለ ፎቅ ወገኖቼ፣ 20 ሊትር ባልዲ አፈር ውሃ ሲጠጣ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የበረንዳው አጥር ላይ አይሰቀልም፤ ታች ሰው አለ።

በመጨረሻ፣ አፈር ከመንካታችሁ በፊት የቴታነስ ክትባታችሁን አስታውሱ። ጀርሙ አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ የምትገባበት ቀዳዳ ደግሞ የእሾህ ወጋታ ያህል ትበቃዋለች። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ስለሚከተቡ ካርድ አላቸው፤ ወንዶች ግን ብዙዎቻችሁ ከልጅነት በኋላ ተከትባችሁ አታውቁም። በጭቃ የቆሸሸ ቁስል ካጋጠማችሁና የመጨረሻው ክትባታችሁ 5 ዓመት ካለፈው ወይም ጭራሽ ካላስታወሳችሁት፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ድመት ከሚጸዳዳበት አፈር ራቁ፣ ጓንት አድርጉ።

ቆስጣውን በመስከረም መጀመሪያ ከዘራችሁት በኅዳር መጀመሪያ መቀንጠስ ትጀምራላችሁ። የደረሰላችሁ ፎቶውን ላኩልኝ!