ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው

ፊልም አይተን ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተኩሱና ስለ ጡጫው ነው። ተዋናዩ ዝም ሲል ምን እንደሠራ፣ አዘጋጁ ምኑን አሳይቶ ምኑን እንደደበቀ ግን እምብዛም አናነሳም። ይህን ለመማር ብዙ ገንዘብ ያልፈሰሰበት ፊልም ይሻላል፤ መሸፋፈኛ የለውማ! ለዚህም «ዘ ሂች-ሃይከር»ን፣ በእኛ አባባል «ሊፍት ጠያቂው»ን፣ መርጠናል።

ፊልሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ 71 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ነው። አዘጋጇ አይዳ ሉፒኖ ራሷም የታወቀች ተዋናይት ነበረች። በዚያን ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ፊልም የምታዘጋጅ ሴት ከእሷ ሌላ አልነበረችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታሪኩ የተነሣው 6 ሰዎች ገድሎ በ1952 በሞት ከተቀጣው ከቢሊ ኩክ ወንጀል ነው። ሁለት ጓደኛሞች ዓሣ ሊያጠምዱ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ሰው ያሳፍራሉ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሽጉጡ ከኋላ፣ በረሃው ከፊት።

ሉፒኖ የገዳዩን ፊት ቶሎ አታሳየንም። መጀመሪያ የምናየው እግሩን ነው። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላም ፊቱ በጨለማ ተውጦ ይቆይና ሽጉጡ ሲወጣ ወደ ብርሃኑ ብቅ ይላል። ይህ ምን ገንዘብ ያስወጣል? መብራቱን የት እንደሚያኖሩት ማወቅ ብቻ ነው።

ገዳዩን ሆኖ የሚጫወተው ዊልያም ታልማን ነው። አንደኛው ዓይኑ አይከደንም። ሌሊት ታጋቾቹ ተኝተው ያዩታል፤ እንቅልፍ ወስዶታል ወይስ ነቅቷል? አያውቁም፤ እኛም አናውቅም። ዝም ብሎ የሚያይ ዓይን ምን እንደሚሠራ መቼስ ለመምህር አይነገርም።

ሙገሳው ሁሉ ለታልማን ብቻ መሆን የለበትም። ኤድመንድ ኦብራየን ቀስ በቀስ ሲሰበር፣ ፍራንክ ላቭጆይ ፍርሃቱን ውጦ ያስባል። ገዳዩ ኦብራየንን ጣሳ አስይዞ ላቭጆይ በጠመንጃ እንዲመታው ሲያስገድድ፣ ዓይናችሁን ከጣሳው ላይ አንስታችሁ ሁለቱን ጓደኛሞች እዩ።

እኛ አብልጠን የወደድነው ግን የቋንቋውን ነገር ነው። ሜክሲኮ ሲገቡ የአገሩ ሰዎች እስፓኒሽ ይናገራሉ፤ ትርጉምም አልተጻፈበትም። ላቭጆይ ቋንቋውን ያውቃል፣ ገዳዩ አያውቅም። ሁሉን በሽጉጥ የሚያዘው ሰው የሱቅ ቤት ተራ ወሬ ያስበረግገዋል፤ በእንግሊዝኛ ተናገር ብሎ ይቆጣል።

የፖሊሶቹን ክትትል የሚያሳየው ክፍል ደከም ያለ ነው፤ መኪናው ውስጥ የታመቀውን ጭንቀት ያስተነፍሰዋል። ሆኖም መጨረሻ ላይ ሽጉጡ ከእጁ ሲወጣ ያ አስፈሪ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ይታያል።