በደብዛዛ ብርሃን ለሚካሄድ አደን የማነጣጠሪያ መነጽር አመራረጥ

የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ የዱር እንስሳ ነው። በዋናነት በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው ይህ እንስሳ ቀኑን በደንና በቁጥቋጦ ውስጥ ተጠልሎ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ለግጦሽ በብዛት የሚወጣው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው።

ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ለስፖርታዊ አደን የሚፈለገው በዕድሜ የገፋው ቀንዳም ወንድ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም። አዳኙ በደብዛዛ ብርሃን ሴቷን ከወንዱ ሳይለይ ቢተኩስ ወይም እንስሳውን አቁስሎ በጨለማ ቢያጣው፣ ጉዳቱ የሚያርፈው የመጥፋት አደጋ በተጋረጠበት ዝርያ ላይ ነው። በመሆኑም የማነጣጠሪያ መነጽር አመራረጥ ከምቾት ያለፈ ፋይዳ አለው።

ተራ የማነጣጠሪያ መነጽር ብርሃንን አያመነጭም፤ በፊት ሌንሱ የተቀበለውን ሰብስቦ ወደ ዓይን ያደርሳል እንጂ። በመነጽሮች ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች የመጀመሪያው የማጉላት አቅምን፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። በዚህ ስሌት 8 በ56 የሆነ መነጽር 7 ሚሊ ሜትር፣ 6 በ42 የሆነውም 7 ሚሊ ሜትር፣ 10 በ40 የሆነው ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል።

የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ይችላል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ አቅም ስለሚቀንስ፣ በርካታ ጎልማሶች ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ስፋት ይወሰናሉ። ከብሌኑ የሚተርፈው ብርሃን ጥቅም ላይ ስለማይውል፣ ትልቅና ከባድ ሌንስ ለሁሉም አዳኝ እኩል ጥቅም አይሰጥም።

አምራቾች ለንጽጽር የሚጠቀሙበት ሌላው መለኪያ የሁለቱ ቁጥሮች ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ሆኖም ይህ መለኪያ ብቻውን ያሳስታል። 10 በ40 እና 8 በ50 የሆኑ መነጽሮች ሁለቱም 20 ያስመዘግባሉ፤ ነገር ግን ብሌኑ በሚገባ ለሰፋ ዓይን ሁለተኛው ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያደርሳል። መለኪያው የሌንሱን ጥራትም አያሳይም።

ጥራቱን ከሚወስኑት መካከል ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን አንዱ ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። በመነጽር ውስጥ በርካታ ሌንሶች ስላሉ ብክነቱ ይደራረባል። ይህን ችግር ለማቃለል አሌክሳንደር ስማኩላ በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 የሽፋን ዘዴ ፈለሰፈ። ዛሬ ባለብዙ ድርብ ሽፋን ጥሩ መነጽሮች 90 በመቶና ከዚያ በላይ ብርሃን ያሳልፋሉ።

የማነጣጠሪያው መስቀልም ሊታሰብበት ይገባል። ቀጭን መስመር በጨለማ ከእንስሳው ገላ ጋር ይመሳሰላል። ወፍራም መስመሮች ወይም መሐሉ ላይ የሚበራ ትንሽ ነጥብ ይህን ችግር ያቃልላሉ። የነጥቡ ብርሃን ከበዛ ግን ዓይንን ስለሚያጭበረብር መጠኑ የሚቀነስ መሆን አለበት።

የማጉላት አቅሙ የሚቀያየር መነጽር የያዘ አዳኝ ብርሃን ሲቀንስ ማጉያውን ዝቅ ቢያደርግ ይጠቀማል። የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር በ9 ላይ 4.4 ሚሊ ሜትር፣ በ6 ላይ ደግሞ 6.7 ሚሊ ሜትር የብርሃን ክብ ይሰጣል።

ባለ56 ሚሊ ሜትር መነጽር የተለመደው አመሻሹ በሚረዝምበትና የዱር አሳማ በጨረቃ ብርሃን በሚታደንበት በመካከለኛው አውሮፓ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው ኢትዮጵያ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለማየት የሚያስችለው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ ተራራ ለሚወጣ አዳኝ 42 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ቀለል ያለ መነጽር በአብዛኛው በቂ ነው።

እንስሳውን የመለየቱ ሥራ በጠመንጃው መነጽር ሳይሆን አስቀድሞ በባይኖኩላር መከናወን ይኖርበታል፤ ምንነቱ ወዳልታወቀ ነገር አፈሙዝ ማዞር አደገኛ ነውና። ቀንዱ በግልጽ ካልታየ፣ የትኛውም መነጽር ቢያዝ፣ ትክክለኛው ውሳኔ ሳይተኩሱ መመለስ ነው።